ሲሞቅ የሚለግም

ከትሬስ አሮዮስ ወዲያ፣ ስንዴው ታጭዶ ካበቃበት፣
ቆሜያለሁ ገለባው ላይ፣ ንፋስ ቀኑን በሚያፏጭበት።
ከቡጢ የማይበልጥ ሞተር ይዣለሁ በእጄ፤
ሲቀዘቅዝ ጨዋ ነው፣ ሲሞቅ ግን እሱ ነው ፈራጄ።

የወንድሜ ነበር።
ኤርሚኒዮ ሲሞት ሚስቱ በሲጋር ሳጥን ሰደደችልኝ፤
"ላንተ" ከምትል ብጣሽ በቀር አንድ ቃል አልጨመረችልኝ።
አስራ አንድ ዓመት ሳንነጋገር፣
በአንድ የአጥር ነገር፣
እሱ ባሂያ ብላንካ፣ እኔ እዚህ፤ ወደ እሱ የሚሄደውን ባቡር
ባንዲራ እያውለበለብኩ በየማለዳው ሳሳልፍ ስኖር።

በጋውን ሙሉ መርፌውን ሳዞር ባጀሁ።
ግማሽ ዙር ሳላላው ያጨሳል፣ ያስላል፣ ዘይት ይተፋል፤
ሩብ ዙር ሳጠብቀው ይጮሃል፣ ይግላል፣ እፍ እንዳሉት ኩራዝ ይጠፋል።
ሚኒሞ ላይ ሳሳርፈው አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ፣
እንደ ሰካራም ዘፋኝ ዜማውን ሲስት፣ ሲያልፍ።
ካንዴላ ቀየርኩ። ነዳጅ ቀየርኩ። ፕሮፔለር ቀየርኩ።
የቀረውን ጥፋት ሁሉ በመርፌው አሳበብኩ፤
ሲብስብኝም ሟቹን አማሁ፦ "ድሮስ ከዚህ ሌላ ምን ያመጣ!
ሲቀዘቅዝ ዘመድ፣ ሲሞቅ ቁጣ።"

አንድ እሁድ ዴልፊና መጣች፣ የላም ማለቢያ ማሽን ጠጋኝ፤
ቦቲዋ እበት እንደነካ፣ ሰላም ሳትለኝ አስቆመችኝ።
ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ሞተሩ ሲዋልል ሰማች።
"መርፌውን ይተዉት፣ ዶን ሲፕሪያኖ። ይሄ አየር ይሰርቃል" አለች።
"እኔ ጋ አየር ሾልኮ ሲገባ ጡቷ ላይ ያለው ኩባያ ይወድቃል፤
ገበሬው ላሟን ይመታል። ላሟ ምን አደረገች?"

ቱቦውን በሁለት ጣቷ ቆነጠጠች። ሽቅብ ሳይጮህ ዝም አለ።
"አዩ? መጀመሪያም የተራበ ነበር።"
ሰርባቶዮውን አውጥታ እፍ አለችበት፤ ጤነኛ።
የካርቡሬተሩን የጎማ ቀለበት በጥፍሯ ዳሰሰች፤ ጤነኛ።
ከዚያ ባልዲ ውሃ።

በካርቡሬተሩ አፍ ቱቦ ሰክታ፣ የጭሱን መውጫ በቡሽ ደፍና፣
አጠለቀችው፤ ነፋች፣ ጉንጯ እንደ ፊኛ አብጦ፣ ዓይኗን ጨፍና።
ከፊት በኩል ጥቂት አረፋ። "ኩሽኔታው ነው፤ ወጉ ነው፣ ይተንፍስ።"
ከኋላ ግን፣ ከክዳኑ ጠርዝ፣ እንደ ተበጠሰ ጨሌ ሲፈስ
አየሁት፤
አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሳያቋርጥ።

አራት ብሎን ፈታች።
ጓርኒሲዮኑ የፋብሪካ አልነበረም፤ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት፣
ዘይት ጠጥቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቀለበት።
ላዩ ላይ እርሳስ፤ ቀለም ቢሆን ነዳጁ ባጠበው ነበር፤
የጣቢያው ወፍራም እርሳስ፣ የኔው የተንጋደደ ፊደል፣ ቀለበቱን ተከትሎ ሲዞር።
"…አጥሩ…" ይላል፤ "…ብትመጣ…"፤ የቀረውን መቀሱ በልቶታል።
በሁለተኛው ዓመት የጻፍኩለት ነው። አልደረሰውም ብዬ ነበር። ደርሶታል።

ንቆ ይሁን፣ ሌላ ወረቀት አጥቶ፣ ወይስ ከእጁ እንዳይርቅ ፈልጎ፣
አላውቅም።
ዴልፊና ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።
"ወረቀቱስ ደህና ነበር፤ ብዙ ዓመት ይዟል። የለቀቀው እዚህ ጋ ነው፣
በታጠፈበት።"

ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከመኖ ከረጢት አዲስ ቆረጠች፤ ዘይት ቀባች፤
ብሎኖቹን ማዶ ለማዶ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቀች።
ሁለት ዙር ተኩል ከፍቼ ቀሰቀስኩት። እስኪሞቅ ጠበቅኩ።
ጩኸቱ ጫፍ እስኪደርስ አጥብቄ፣ ሁለት ቀጭታ መለስኩ፤
አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ፤ አልሳሳም ድምፁ፤
ሚኒሞ ላይ አወረድኩት፤ አልተለወጠም ገጹ።
አሁን መርፌው ሲናገር ሞተሩ ይሰማል።

ቢጫው ክንፍ ተነሳ። ከእህል ጎተራው አናት በላይ
ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ሞቀ፤ አልለገመም።
"ሂሳብሽስ?" አልኳት።
"ባልዲዬን አጥበው ይመልሱ።"

እስከ ማታ አላጠብኩትም።
ውሃው ላይ ዘይቱ ቀለበት ሠርቶ፣
ንፋሱ በነካው ቁጥር ይሰፋ ነበር።